የሚፈስ ውሃ የምሥጢር ጠባቂ ስለ መሆኑ

የቤተ ሰብ ችግር ሁሉ በቤት ውስጥ ተነግሮ አያልቅም። እናት የልጇን ሕመም ለሐኪም፤ ባልና ሚስት ሙግታቸውን ለዳኛ፤ ባለዕዳም ዕዳውን ለባንክ ሹም መግለጥ ግድ ይሆንባቸዋል። ነገር ግን የሚናገሩበት ስፍራ ብዙ ጊዜ ሰው የሞላበት አዳራሽ ስለ ሆነ፤ በአግዳሚ ወንበር ተቀምጦ ተራውን የሚጠብቀው ሁሉ ሳይፈልግ ይሰማቸዋል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፤ ብዙ ሰው አፍሮ ግማሹን ጉዳዩን ሳይናገር ይመለሳል።

ለዚህ ችግር የቀደሙ ሰዎች ያገኙት አንድ ዘዴ አለ። በኢስታንቡል ከተማ በቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ውስጥ፤ ሱልጣን ሙራድ ሣልሳዊ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1578 ዓ.ም. ሲናን በተባለው ታላቅ መሐንዲስ አንድ እልፍኝ አሠርተው ነበር። በእልፍኙም ውስጥ ባለደረጃ ፏፏቴ ተሠራ። የውሃው አወራረድ ለጆሮ ደስታ ከመስጠቱም በላይ፤ በደጅ የቆመ ሰው የውስጡን ንግግር እንዳይሰማ ያደርግ እንደ ነበር ይነገራል።

የነገሩ ምክንያት ይህ ነው። ውሃ ድምፅን ይሸፍናል እንጂ አያጠፋም። ቃልን ከቃል የምንለይባቸው እንደ ሰ፣ ተ፣ ፈ ያሉት ድምፆች ደካሞች ስለ ሆኑ፤ የውሃው ድምፅ አስቀድሞ እነርሱን ይውጣቸዋል። የሚሰማው ሰው አንድ ነገር እንደ ተነገረ ያውቃል፤ ምን እንደ ተነገረ ግን አይለይም። ስለዚህ በቀጭኑ እየወረደ በገንዳ ውሃ ላይ የሚንፏፏው፤ በብዛት ወርዶ ከሚያጉረመርመው ይልቅ ለዚህ ሥራ ይስማማል። ስፍራውም ተራ ጠባቂዎች በተቀመጡበት ወገን ይሁን። ድምፁም ከልክ አይለፍ፤ ሁካታ በበዛበት ሰው ሳያውቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋልና፤ የተሸፈነው ምሥጢር ተመልሶ ይገለጣል።

ነገር ግን ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። ሳይጸዳ የሚዞር ለብ ያለ ውሃ ሌጂዮኔላ የተባለውን ረቂቅ ተሕዋስ ያራባል፤ ርጭቱም ከትንፋሽ ጋር ገብቶ ሳንባን ያሳምማል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በዊስኮንሲን፤ በአንድ ሆስፒታል ውስጥ የነበረ የጌጥ ፏፏቴ 8 ሰዎችን ለዚህ በሽታ ዳርጓል። ስለዚህ በሽተኞች በሚሰበሰቡበት ስፍራ በሩ የሚዘጋ ክፍል ከፏፏቴ ይበልጣል፤ በሌላውም አዳራሽ ውሃውን ዘወትር የሚያጸዳ ሰው ሳይመደብ ፏፏቴ መሥራት አይገባም።

ለፏፏቴ ገንዘብ ባይኖር እንኳ፤ የተራ ጠባቂዎቹን ወንበር ከጉዳይ መቀበያው መስኮት ማራቅ ምንም ወጪ እንደማይጠይቅ ለአዳራሽ አዛዦች ሁሉ እናሳስባለን። የባለጉዳይን ምሥጢር መጠበቅ የቤተ ሰቡን ክብር መጠበቅ ነውና።