ጭሱም ማገዶ ነው፦ ለግድግዳ ምድጃ የሚገጠም የብረት ምድጃ አመራረጥ

በሰሜን አሜሪካ ብርዳማ ግዛቶች ያሉ በርካታ የቆዩ ቤቶች ሳሎናቸው ውስጥ በጡብ የተገነባ፣ አፉ ወደ ክፍሉ የተከፈተና ጭሱን በግድግዳው ውስጥ አሳልፎ በጣሪያ የሚያወጣ የግድግዳ ምድጃ አላቸው፤ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ፣ በሚኒሶታና በኮሎራዶ ቤት ከገዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች መካከልም ይህን ምድጃ ከቤቱ ጋር የተረከቡ አሉ። ለዓይን የሚማርከው ይህ ምድጃ በማሞቂያነቱ ሲመዘን ግን ደካማ ነው፤ ማገዶው ከሚሰጠው ሙቀት ክፍሉ የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከ15 በመቶ አይበልጥም። በዚያ ላይ እሳቱ በየሰዓቱ በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ኩብ የቤት ውስጥ አየር እየሳበ በጭስ ማውጫው ስለሚያስወጣና የወጣውን ለመተካት ቀዝቃዛ አየር በበርና በመስኮት ስንጥቅ ስለሚገባ፣ በምድጃው ፊት የተቀመጠ ሰው ሲሞቀው የቀሩት ክፍሎች ከቀድሞው ይልቅ ይቀዘቅዛሉ።

ለዚህ ችግር የተገኘው መፍትሔ በዚያው የጡብ አፍ ውስጥ ተገፍቶ የሚገባ፣ ከብረት የተሠራና ሙቀት የማይሰነጥቀው የሴራሚክ መስታወት በር ያለው ዝግ ሣጥን ሲሆን፣ በዚህ ጽሑፍ ተገጣሚ ምድጃ ተብሎ ይጠራል። በአግባቡ የተሠራና በአግባቡ የተገጠመ ተገጣሚ ምድጃ ከማገዶው ኃይል ከ65 እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ለቤቱ ይሰጣል።

ከግድግዳ ምድጃ የሚባክነውን ሙቀት ለማዳን የተደረገው ጥረት ረጅም ታሪክ አለው። ቤንጃሚን ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ1740ዎቹ መጀመሪያ በፊላደልፊያ የብረት ምድጃ ሠርቶ በ1744 ስለ አሠራሩ የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመ፤ የፈጠራ ባለመብትነት ሲሰጠውም ሌሎች በነጻ እንዲጠቀሙበት ብሎ አልተቀበለም። ይሁንና በፍራንክሊን ምድጃ ውስጥ ጭሱ ከመውጣቱ በፊት ወደ ታች መውረድ ስለነበረበትና ትኩስ ጭስ ደግሞ በተፈጥሮው ወደ ላይ ስለሚሄድ፣ እሳቱ በቀላሉ ይታፈን ነበር። በማሳቹሴትስ ተወልዶ በአውሮፓ የኖረው ካውንት ረምፎርድ በ1796 ባሳተመው ጽሑፍ ደግሞ የምድጃው ጥልቀት እንዲያንስ፣ ጎኖቹ እንዲያዘነብሉና የጭሱ ጉሮሮ እንዲጠብ መከረ፤ ምክሩም በሥራ ላይ በዋለ ቁጥር የለንደን ምድጃዎች ሙቀታቸው ጨመረ፣ ጭሳቸው ቀነሰ። ሁለቱም በእነዚህ ሥራዎቻቸው ያልተጠቀሙበት ዋና ነገር ግን ጭሱ ራሱ ያልተቃጠለ ማገዶ መሆኑ ነበር።

እንጨት ሲሞቅ መጀመሪያ በውስጡ ያለው ውሃ ይተናል፤ ሙቀቱ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድን ሲያልፍ እንጨቱ መፈራረስ ይጀምርና ተቀጣጣይ ጋዞችን፣ ከእነርሱም ጋር ጥቃቅን የሬንጅ ነጠብጣቦችን ይለቃል፤ በጭስነት የሚታየው በአብዛኛው ይህ ድብልቅ ነው። ከእንጨቱ ኃይል ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእነዚህ ጋዞች ውስጥ ሲሆን፣ ቀሪው በፍሙ ውስጥ ይቆያል። ጋዞቹ እንዲነዱ ወደ 600 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት፣ በቂ ኦክስጅንና ከእሳቱ ቀጠና ሳይወጡ የሚቆዩበት ጊዜ ያስፈልጋቸዋል፤ ክፍት ምድጃ ደግሞ በብዙ ቀዝቃዛ አየር ስለሚያቀዘቅዛቸው ሳይነዱ ያመልጡታል። ተገጣሚ ምድጃ እሳቱን እሳት በሚችል ጡብ ከቦ ሙቀቱን ይጠብቃል፤ ከዚያም አስቀድሞ የሞቀ አየር ከላይ በኩል ባሉ ትናንሽ ቀዳዳዎች ወደ ጭሱ ይረጫል። ይህ ሁለተኛ አየር የሚባለው ሲገባ ጭሱ ከፍልጡ በላይ ተንሳፎ ይነዳል፤ በመስታወቱ ሲታይም ነበልባሉ ከምድጃው ጣሪያ የሚወርድ ይመስላል። እሳትን መክበብ ያለውን ጥቅም ኢትዮጵያም በሚገባ ታውቀዋለች፤ በሦስት ጉልቻ መካከል የሚነደውን እሳት የሚሸፍነው የእንጀራ መጋገሪያ «ምርጥ ምድጃ» ማገዶውን እስከ ግማሽ ድረስ የሚቆጥበው በተመሳሳይ ምክንያት ነው።

ከሁለተኛ አየር ሌላ ካታሊስት የሚባል ዘዴ አለ፤ ይህም ፕላቲነምና ፓላዲየም የተቀባ፣ የማር እንጀራ የመሰለ ሴራሚክ ሲሆን፣ ጭሱ ወደ 300 ዲግሪ በሚጠጋ ዝቅተኛ ሙቀት እንዲነድ ያስችላል። ስለዚህ ካታሊስት ያለው ምድጃ ሌሊቱን ሙሉ በዝግታ ለማንደድ ይመቻል፤ ነገር ግን ካታሊስቱ ከዓመታት በኋላ መለወጥ አለበት፣ ቀለም የተቀባ እንጨት ወይም አንጸባራቂ ወረቀት ቢነድበትም ቶሎ ይበላሻል። ለማገዶው ጥንቃቄ ለማያደርግ ቤተሰብ በሁለተኛ አየር የሚሠራው ዓይነት ይሻላል።

ገዢዎች ከሁሉ በላይ የሚሳሳቱት በመጠን ነው። ትልቅ ምድጃ የበለጠ ስለሚያሞቅ የተሻለ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ሙቀቱ በደህና በሚያዝ ቤት ለ10 ካሬ ሜትር 1 ኪሎዋት ያህል ስለሚበቃ፣ ለ40 ካሬ ሜትር ክፍል 15 ኪሎዋት የሚሰጥ ምድጃ የገዛ ሰው ሙቀቱን መቋቋም ሲያቅተው የአየር ማስገቢያውን ይዘጋል። ያን ጊዜ እሳቱ ይታፈናል፣ ጋዞቹ ሳይነዱ ይወጣሉ፣ መስታወቱ ይጠቁራል፤ በውድ ዋጋ የተገዛው ምድጃም ወደ ክፍት ምድጃ ጠባይ ይመለሳል። በሙሉ ጉልበቱ የሚነድ ትንሽ ምድጃ ታፍኖ ከሚጨስ ትልቅ ምድጃ እጅጉን ይበልጣል። የምድጃው አካል በግድግዳ ውስጥ ስለሚቀበር ሙቀቱን የሚያወጣ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ያስፈልገዋል፤ መብራት በሚጠፋበት አካባቢ የሚኖር ሰው ግን ፊቱ ከግድግዳው ወደ ክፍሉ ወጣ ያለውን ቢመርጥ ያለ ማራገቢያም ይሞቃል።

ምድጃው የሚገጠምበት ጭስ ማውጫ ከምድጃው ያላነሰ ትኩረት ይሻል። ለክፍት እሳት የተሠራው ሰፊ የጡብ ጭስ ማውጫ ለተገጣሚ ምድጃ ጥቂትና ቀዝቀዝ ያለ ጭስ ከመጠን በላይ ይሰፋል፤ ጭሱ በውስጡ ሲበተን ይቀዘቅዛል፣ ሙቀቱ ከ120 ዲግሪ ገደማ በታች ሲወርድም ክሬኦሶት የሚባለው ሬንጅ መሰል ተቀጣጣይ ነገር በግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ክሬኦሶት ሲቀጣጠል የጭስ ማውጫው ሙቀት ከ1,000 ዲግሪ ሊያልፍና ቤት ሊያቃጥል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የነዳጅ ቀውስ ጊዜ ብዙ ምድጃዎች ያለ ውስጥ ቧንቧ ተገፍተው ይገቡ ስለነበር ይህ አደጋ በተደጋጋሚ ደርሷል። ስለዚህ ከምድጃው አናት እስከ ጭስ ማውጫው ጫፍ የሚደርስ፣ ስፋቱ አብዛኛውን ጊዜ 15 ሴንቲሜትር የሆነ የማይዝግ ብረት ቧንቧ ያልተካተተበትን የመግጠሚያ ዋጋ መቀበል ፈጽሞ አይገባም። በዓመት አንድ ጊዜ በባለሙያ ማስመርመርና በቤት ውስጥ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ መትከልም ግዴታ ተደርጎ መታየት ይኖርበታል።

በአሜሪካ የሚሸጥ አዲስ ተገጣሚ ምድጃ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2020 ወዲህ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲን መመዘኛ ማሟላት አለበት፤ መመዘኛው በሰዓት የሚወጣውን የጭስ ብናኝ በ2 ግራም፣ በተራ ፍልጥ ሲፈተን ደግሞ በ2.5 ግራም ይገድባል። ርካሽ ያገለገለ ምድጃ የሚገዛ ሰው ይህን መመዘኛ ማሟላቱን የሚያሳይ ምልክት ይፈልግ፤ የቆዩት ከዚህ በብዙ እጥፍ ያጨሳሉና።

ይሁን እንጂ ርጥብ እንጨት የሚያሸንፈው ምድጃ የለም። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ እስከ ግማሽ ውሃ ሊሆን ስለሚችል፣ በ10 ኪሎ ርጥብ ፍልጥ ውስጥ ያለውን 5 ኪሎ ውሃ ለማትነን ብቻ 3.6 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይጠፋል፤ ይህም 2 ኪሎዋት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሁለት ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ የሚሰጠው ሙቀት ነው። ለምድጃ የሚሆነው ፍልጥ ርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች መሆን ሲኖርበት፣ ለዚህም ተፈልጦ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ተከምሮና ከላይ ብቻ ተሸፍኖ ቢያንስ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት፣ እንደ ኦክ ያለው ጠንካራ እንጨት ደግሞ ከዚያም በላይ መቆየት አለበት። ስለዚህ ምድጃ ለመግዛት ያሰበ ሰው ወደ ሱቅ ከመሄዱ በፊት ማገዶውን ይፍለጥ፣ ይከምር።