የገና ማዕድ በናይሮቢ

የኬንያ ዋና ከተማ ናይሮቢ ገናን የምታከብረው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 25 ቀን ነው። ከ13 ቀናት በኋላ የእኛ ገና ሲደርስ ከተማዋ በሥራ ላይ ትውላለች፤ በዚያ ለሚኖሩ ወገኖቻችን የበዓሉ ድምቀት ለማታው ማዕድ ይቆያል።

ማዕዱን ለማስጌጥ ብዙ ወጪ አያሻም። በቄጠማ ፈንታ ለምለም ሣር ይጎዘጎዛል፤ ኮባ ከታጣ ድፎ ዳቦው በሙዝ ቅጠል ይጋገራል። የኪኩዩና የካምባ ሴቶች ከቃጫ የሚሠሩት ኪዮንዶ የተባለው ቅርጫት ፈንድሻውን ይይዛል፤ ባዶ ጠርሙስም ጥልፍ ጨርቅ ለብሶ የአበባ ማስቀመጫ ይሆናል።

ኬንያዊ ጎረቤትም ይጋበዝ፤ የአቦል፣ የቶናና የበረካን ትርጉም ልጆች ያስረዱት። በባዕድ አገር የተወለደ ሕፃን ቀኑን በትምህርት ቤት ቢውልም፣ የወላጆቹን በዓል የሚያውቀው በዚህ ማዕድ ዙሪያ ነውና።