ከለቡ ተነስቶ ባሕር ዳር ዓሣ ለማጥመድ

በጋውን ባሕር ዳር ዓሣ ሲያጠምድ መሰንበት የሚፈልግ የንፋስ ስልክ ላፍቶ ነዋሪ ብዙ አይርቅም፡፡ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ የጀመረው የጅቡቲ ባቡር የአዲስ አበባ መንገደኞቹን የሚያሳፍረው ለቡ ላይ ነው፡፡ በየቀኑ ስለማይጓዝ ግን እስከ ጅቡቲ የሚዘልቅበትን ቀን አስቀድሞ ማጣራት ይበጃል፡፡

ጥሩው ወቅት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው፤ በእኛ ክረምት ጅቡቲ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፡፡

ላንጋኖ ላይ ቆሮሶ ማጥመድ የለመደ ሰው ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ሲደርስ ግር የሚለው የውኃው መሙላትና መጉደል ነው፡፡ ሐይቅ ባለበት ይጠብቃል፤ ባሕሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ በቀን ሁለቴ ሞልቶ ሁለቴ ይጎድላል፡፡ ሲሞላ ትናንሽ ዓሦች ምግብ ፍለጋ ወደ ዳር ይጠጋሉ፤ እንደ ባራኩዳ ያሉት አዳኞችም ይከተሏቸዋል፡፡ ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወጣ ልዩነቱ ይሰፋል፡፡ ስለዚህ ፈቃድ የሚጠየቀው ጨረቃዋን ቆጥሮ ነው (አለቃ ይህን ምክንያት ባይሰማ ይሻላል)፡፡ የሰዓቱ ሰንጠረዥ ኢንተርኔት ላይ ይገኛል፡፡

በባዶ እግር ውኃ ውስጥ መግባት አደጋ አለው፤ ድንጋይ የሚመስል መርዛም ዓሣ ዳር ዳሩን ይደበቃል፡፡ ጨው ብረት ስለሚበላ መንጠቆውና የክር መጠቅለያው ማታ ማታ በንጹሕ ውኃ ይታጠባሉ፡፡ ሙሻና ማስካሊ ደሴቶች ጥብቅ ስፍራዎች ስለሆኑ እዚያ ክር ከመጣል በፊት መጠየቅ ግድ ነው፡፡