የቂሊንጦው መንበር

ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ፣ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ከእርሻነት ወደ ከተማነት የተለወጠውን ምሥራቃዊውን አዲስ አበባ እየተሻገረ ወደ ቂሊንጦ የሚወርድ መንገደኛ፣ በ2003 ዓ.ም. የተመሠረተውን የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲን፣ በአቅራቢያውም ለመድኃኒት ፋብሪካዎች የተከለለውን የኢንዱስትሪ ፓርክ ያገኛል፤ በቦሌ ለሚ ደግሞ ልብስና ጫማ የሚሠራበት ሌላ ፓርክ አለ። ትምህርት ቤትና ፋብሪካ እንዲህ መጎራበታቸው ታላቅ በረከት ነው፤ ነገር ግን ጉርብትና ብቻውን ዝምድናን አይወልድምና፣ ኬሚካል ምሕንድስናን በሚያስተምር ክፍል መንበር ላይ የሚቀመጥ ሊቅ ግዴታው ምን እንደ ሆነ መመርመር ይገባናል።

የሙያው ምሥጢር ያለው ጥቂቱን ብዙ በማድረግ ላይ ነው። በእንስራ የሠመረ ጥንስስ በትልቅ ጋን ሲበዛ ሊበላሽ እንደሚችል ጠላ የሚጠምቁ እናቶች ያውቃሉ፤ የፍላቱ ሙቀት ከጋኑ መካከል ቶሎ አይወጣምና። ኬሚስቱ በብልቃጥ ያገኘውን በቶን ለመሥራት የሚነሣ መሐንዲስም የሚታገለው ከዚሁ ከሙቀት፣ ከግፊትና ከፍሰት ጋር ነው፤ ይህም ትግል በሰሌዳ ቀመር ብቻ አይለመድም። በቅኔ ቤትስ ቢሆን፣ ደቀ መዝሙሩ በመምህሩ ፊት ቆሞ የራሱን ቅኔ ካልዘረፈ፣ አገባቡን ሁሉ በቃሉ ቢወጣው ማን ባለቅኔ ይለዋል? በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1916 ተማሪዎችን ከነመምህራቸው በፋብሪካ ውስጥ አስቀምጦ የሚያስተምር የተግባር ትምህርት ቤት የከፈተው ይህንኑ ተረድቶ ነው።

ከዚያ ተቋም ከወጡት ሊቃውንት አንዷ በ1958 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተወለዱት ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ ናቸው። አባታቸው፣ ታላቁ የግእዝ ሊቅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ፣ በ1968 ዓ.ም. በወታደሮች ጥይት ቆስለው ከሀገር ከወጡ በኋላ በሚኒሶታ የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት ሲመረምሩ ኖሩ፤ ልጃቸውም በአሜሪካው ካልቴክ ዩኒቨርሲቲ የቁሳቁስ ሳይንስና የኬሚካል ምሕንድስና ፕሮፌሰር ሆነው፣ በጠጣር አሲድ የሚሠራውን የነዳጅ ሴል ለዓለም አበረከቱ። ቆዳው ተወጥሮና ተፍቆ ብራና፣ ጥቀርሻውም ለብዙ ጊዜ ተብላልቶ ቀለም እንደሚሆን ለሚያስብ ሰው፣ የአባትና የልጅ ሥራ እንደሚመስለው አይራራቅም። ፕሮፌሰር ሶስና በታኅሣሥ 2005 ዓ.ም. ከባልደረቦቻቸው ጋር የአሜሪካንና የአፍሪካን ወጣት ተመራማሪዎች በአዲስ አበባ ለትምህርት ሰበሰቡ። መሪነት ማለት ይህ ነው፤ ሰውን ከሰው፣ ቤተ ሙከራን ከቤተ ሙከራ ማገናኘት።

የቂሊንጦው ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የነበሩት ዶክተር ኑርልኝ ተፈራም የዚሁ ሙያ ሰው ናቸው፤ ሙያው ለከፍተኛው መንበር መብቃቱ ያስደስተኛል። የሚያሳስበኝ ከእርሱ በታች ያለው የክፍል ኃላፊነት ነው፤ ይህ ወንበር በስብሰባና በደብዳቤ ተከብቦ፣ ተማሪውን ለተግባር ልምምድ ሲልክ ማኅተም አትሞ የሚያሰናብት ብቻ እንዳይሆን እሰጋለሁ። ኃላፊው በየዓመቱ ከመምህራኑ አንዱን ከማስተማር ሥራ አሳርፎ፣ ከተማሪዎቹ ጋር ፋብሪካ ውስጥ እንዲከርም ቢያደርግ፣ የመጀመሪያውም ጥናት ፋብሪካው የሚያወጣውን ውኃ የሚያጣራው ገንዳ ቢሆን፣ ከትምህርት ክፍሉ እስከ ገንዳው ያለው መንገድ በእግር የሚደረስ ነው።