ቢጫው ቲማቲም መቼ ይበስላል?

«ቲቸር፣ ይሄ መቼ ነው የሚበስለው?»

ነሐሴ መግቢያ ላይ ነው፣ ቡታጅራ ገበያ። ሰፌዱ ላይ የደረደርኩት ቢጫ ቲማቲም ከበሰለ አራት ቀን ሆኖታል። አንዱን ሰንጥቄ ለሴትየዋ አቀመስኳቸው። አጣጣሙት፣ «ይጣፍጣል» አሉ፤ ከዚያ ከጎኔ ከተቀመጠችው ልጅ ከመቂ የመጣውን ቀዩን አንድ ኪሎ ገዝተው ሄዱ። ለክርክር ብቀመጥ መልስ አላጣም ነበር። ጣሊያኖች ቲማቲምን «ፖሞዶሮ» የሚሉት የወርቅ ፖም ለማለት ነው፤ መጀመሪያ አውሮፓ የደረሰው ቢጫው ሳይሆን አይቀርም ይባላል። እኛም የቆርቆሮውን ድልህ ፖሞዶሮ ስንለው ኖረናል። ግን በፍልሰታ ጾም ለስልስ ቲማቲም ልትገዛ የወጣች እናት ታሪክ ምን ያደርግላታል?

ባዮሎጂ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ጓሮዬ ውስጥ ግሪን ሃውስ ሠራሁ። ጎረቤቶቼ «የቲቸር የላስቲክ ቤት» ይሉታል፤ እውነታቸውን ነው፣ ከባሕር ዛፍ አጣናና ከወፍራም ላስቲክ ሌላ ምንም የለውም። ወርዱ 6፣ ርዝመቱ 10 ሜትር ነው። ያሰብኩት ቀላል ነበር፦ ክረምት ሲገባ የሜዳው ቲማቲም በምች ይመታል፣ ዋጋው ይሰቀላል፣ እኔ ደግሞ ያኔ እሸጣለሁ።

መጀመሪያ የተከልኩት መልካሾላ ነው። ከመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጣ፣ በብዙ ቦታ የተመሰገነ ዝርያ ነው። እኔ ግን የተከልኩት በመስከረም ነበርና አበባው የወጣው በኅዳር፣ ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱ በሚበርድበት ወር ሆነ። ጠዋት ጠዋት ስገባ አበባው ከነአንገቱ ተቆርጦ መሬት ላይ ተበትኖ አገኘዋለሁ። ውኃ አነሰው ብዬ ጨመርኩ። ማዳበሪያም ጨመርኩ፤ ያን ጊዜ ጭራሽ ቅጠል ብቻ ሆነ።

በመጨረሻ ቴርሞሜትር ሰቀልኩ፤ አስተማሪ ሆኜ ይሄን መጀመሪያ አለማድረጌ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ውጭው 7 ዲግሪ፣ ውስጡ 9 ዲግሪ ነው። ያ ሁሉ ላስቲክ ሌሊቱን ያተረፈልኝ ሁለት ዲግሪ ብቻ! እኩለ ቀን ላይ ደግሞ 37 ይገባል። የቲማቲም የአበባ ብናኝ በሁለቱም ጫፍ ይጎዳል፦ ሌሊቱ ከ12 ወይም ከ13 ዲግሪ ሲወርድ በቅጡ አይበስልም፣ ቀኑ ከ35 ሲያልፍ ይመክናል። ብናኝ ከሌለ ፍሬ የለም፤ አበባው ይረግፋል።

ዘሩን አልወቅስም። መልካሳ 1,550 ሜትር ላይ፣ በሞቃቱ ስምጥ ሸለቆ ነው ያለው፤ ቡታጅራ ከዚያ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፣ ማታ ማታ ደግሞ የዘቢዳር ብርድ ይወርድባታል። ከዚያው ዘር የተረፈኝን የሰጠሁት ወልቂጤ ያለ የድሮ ባልደረባዬ ያለ ምንም ላስቲክ ሁለት ሣጥን ለቀመበት። ወልቂጤ ከእኛ ዝቅ ትላለች፣ ወደ ግቤ በኩል ስለሆነች ሌሊቷም ለዘብ ያለ ነው። ጉመር ያለው የአጎቴ ልጅ ደግሞ፣ ገብስና ድንች በሚበቅልበት ደጋ፣ ፍሬያቸው ትልልቅ ከሆኑት ዝርያዎች አንድም ፍሬ አላየም። ሦስታችንም የጉራጌ አገር ሰዎች ነን፤ የአንዳችን ዘር ለሌላው አልሆነም።

ከዚያ በኋላ ዘር ስመርጥ የፓኬቱን ሥዕል ትቼ የማየው ዝርያው የተወለደበትን አገር ሌሊት ነው። ስቱፒትሴ የሚባለው የቼኮች ነው፤ ፍሬው ከዶሮ እንቁላል ያነሰ፣ ቀይ፣ ችግኙ ከተዛወረ በሁለት ወር ገደማ የሚደርስ። ሰብ አርክቲክ ፕሌንቲ የተዳቀለው በካናዳዋ አልበርታ ነው፤ ቁጥቋጦው አጭር ነው፣ በብርድም ፍሬ ይይዛል፣ ጣዕሙ ግን እንደ ስሙ አይደለም። ከጃፓን የመጣው ሰንጎልድ፣ ያ ሰፌዱ ላይ የነበረው፣ ብርቱካናማ ቢጫ ሆኖ እንደ ወይን ይንዠረገጋል። ጉመር ላይ እንኳ ፍሬ የያዘው ይሄ ነው። ፍሬው ትንሽ የሆነ ቲማቲም ባጠቃላይ ብርድ ላይ ከትልልቁ ይሻላል፤ አበባውም ብዙ ስለሆነ ግማሹ ቢረግፍ ግማሹ ይተርፋል። ሰንጎልድ ግን ዲቃላ ነውና ዘሩን አድርቆ ለከርሞ ማስቀመጥ አያዛልቅም፣ ልጁ አባቱን አይመስልም። ስቱፒትሴን እያደረቅኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው።

ዘሩን ያመጣችልኝ ካናዳ ያለችው የእህቴ ልጅ ናት፣ ከነጤና ማረጋገጫ ወረቀቱ። ወረቀቱ ሁለት ወር አስጠበቀኝ፤ ቢሆንም በሻንጣ ጥግ ተሰክቶ የሚመጣ ዘር አልቀበልም። ዘር ላይ ተጭኖ የሚጓዝ ቫይረስ አለ። ቱታ አብሶሉታ የሚባለውም የእሳት ራት ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ አውሮፓንና ሰሜን አፍሪካን አቋርጦ እ.ኤ.አ. በ2012 አገራችን ሲታይ የስምጥ ሸለቆ ገበሬ ያየውን አበሳ ሰምቻለሁ።

ላስቲኩ ክረምት ጃንጥላ ነው፣ በጋ ግን ስስ ነጠላ። ክረምት ደመናው ሌሊቱን ስለሚሸፍነው ብርዱ ያን ያህል አይከፋም፤ ጠላታችን እርጥበት ነው። ሰው «ምች መታው» የሚለው በሽታ፣ እ.ኤ.አ. በ1845 የአየርላንድን ድንች አጥፍቶ ሕዝቡን ያስራበው ያው በሽታ፣ ቅጠል ላይ ለሰዓታት የሚቆይ ውኃ ይፈልጋል። ዝናቡ ቅጠሉን ካልነካው ግማሽ ሥራው አለቀ። ስለዚህ ጎንና ጎኑን ሦስት ሰዓት ላይ እጠቀልላለሁ፣ አሥር ሰዓት ላይ እመልሳለሁ። የታችኛውን ቅጠል ቀንጥቤ አወጣለሁ። ግንዱን የማስረው በቃጫ ነው፤ እንሰት ባለበት አገር ናይሎን መግዛት አልወድም፣ ቃጫው ደግሞ ሲያበቃ ከተክሉ ጋር አብሮ ይበሰብሳል። ለበጋው ደግሞ ያገለገሉ የዘይት ጀሪካኖችን ጥቁር ቀብቼ ውኃ ሞልቼ በመደቡ ዳር ደርድሬያለሁ፤ ቀን የጠጡትን ሙቀት ሌሊት ይመልሳሉ። ብዙ አይደለም፣ አንድ ዲግሪ ተኩል ቢሆን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፦ ንብ። የማር ንብ ለቲማቲም ብዙም አትጠቅምም፤ ብናኙ ጠባብ ቱቦ ውስጥ ተዘግቶበታልና አበባውን ይዞ የሚያንቀጠቅጥ ይፈልጋል። አውሮፓ ውስጥ ለዚህ ሥራ ባምብልቢ የተባለች ድብልብል ንብ ግሪን ሃውስ ውስጥ ያስገባሉ፤ ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የለችም። እኔ በዱላ እሠራለሁ። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ጤዛው ሲደርቅ ቃጫውን ቀስ ብዬ መታ መታ አደርገዋለሁ። የጎረቤት ልጆች ክራር እየተማርኩ ይመስላቸዋል።

እናም የሚሸጠውስ? ቤተሰብ ለስልስ የሚፈልገው ሥጋው ወፍራም፣ ውኃው ያነሰ፣ እንደ ሮማ ቪኤፍ ሞላላ የሆነውን ነው። ስቱፒትሴ ውኃ ይበዛዋል፣ ቢሆንም ቀይ ነው፤ ለሰላጣና ለቲማቲም ፍትፍት ብለው ይወስዱታል። ሰንጎልድን ከሆቴሎች በቀር የጠየቀኝ የለም፣ እነሱም በሳምንት ከሦስት ኪሎ አያልፉም። ስለዚህ ከአምስቱ መደብ ሦስቱን ለስቱፒትሴ፣ አንዱን ለሰንጎልድ ሰጥቻለሁ። አምስተኛውን በቆሎና ባቄላ እያፈራረቅኩ አሳርፈዋለሁ። የማረቆ በርበሬ ልዝራበት ብዬ ነበር፤ በርበሬም ድንችም የቲማቲም ዘመዶች ስለሆኑ ብዙው በሽታቸው አንድ ነው፣ ተውኩት።

ዘንድሮ ግን ከሰንጎልዱ መደብ ጫፍ ላይ አራት ችግኝ ግሪን ዜብራ ቀላቅያለሁ። አሜሪካዊው ቶም ዋግነር ያወጣው ዝርያ ነው፤ ሲበስልም አረንጓዴ ነው፣ ላዩ ላይ ቢጫ ሰንበር ብቻ ይጣልበታል። ትርፍ አልጠብቅበትም። ሰፌዱን ይዤ ገበያ ስቀመጥ ሴትየዋ ምን እንደሚሉኝ መስማት እፈልጋለሁ።