ቫሳ በ1.38 ሜትር

ንጉሥ ጉስታቭ አዶልፍ ያሠራት የስዊድን የጦር መርከብ ቫሳ ከጫፍ እስከ ጫፍ 69 ሜትር ትረዝማለች። ሃምሳ ጊዜ ሲያሳንሷት 1.38 ሜትር ትሆናለች፤ የምግብ ጠረጴዛ ላይ ትቀመጣለች። ቁመቱ 1.70 የነበረ መርከበኛ በዚያው ስሌት 3.4 ሴንቲ ሜትር ነው፤ አውራ ጣት አያክልም።

ተቆራርጠው በካርቶን የሚሸጡ፣ ገጣጥመው የሚጨርሷቸው ሞዴሎች አሉ። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ሌላኛው መንገድ ነው፦ ከጥሬ እንጨት፣ ከነሐስና ከክር ተነስቶ እያንዳንዷን ቁራጭ በገዛ እጅ ማውጣት። ሥራው እንደ እውነተኛው መርከብ ከታች ይጀምራል። የጀርባ አጥንት የሚሆነው ረጅም ወራጅ ይጋደማል፤ የጎን አጥንቶቹ ግራና ቀኝ ይቆሙበታል። ቀጫጭኑ ሳንቃ በውሃና በሙቀት እየለዘበ ይታጠፍና በኮላና በእንጨት ችንካር ይያያዛል። ችንካሩ ራሱ አንድ ሙያ ነው። ስንጥሩን እየጠበቡ የሚሄዱ ቀዳዳዎች ባሉት ብረት ደጋግመው ይስቡታል፤ አንጥረኛ የብር ሽቦ እንደሚያቀጥነው።

ቫሳ የተሠራችው ከኦክ ነው፤ ሞዴል ሠሪው ግን ኦክን ይሸሻል። መርከቧ ስታንስ የእንጨቱ ቀዳዳ አብሮ አያንስማ! በዓይን የሚታየው የኦክ ሽንትር በትንሿ መርከብ ላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ይመስላል። ስለዚህ እንደ ፒር ያለ ጥቅጥቅና ልሙጥ እንጨት ይመረጣል። ገመዱም ያው ነው። 2.5 ሴንቲ ሜትር ይወፍር የነበረው ግማሽ ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ ያውም ተገምዶ። ብዙዎች ለዚሁ ሲሉ ትንሽ የገመድ መግመጃ ይሠራሉ። ምሰሶ የሚወጥሩት ገመዶች ሬንጅ ስለሚጠጡ ይጠቁራሉ፤ ሸራ የሚስቡት ፈካ ይላሉ። ሁሉንም በአንድ ቀለም ያሰረ ሰው ከሩቅ ያስታውቃል።

ከባዱ ጥያቄ ግን የሚመጣው ከቫሳ ከራሷ ነው። በዘመኑ ልማድ የተሠራችው በዝርዝር ሥዕል ሳይሆን በመጠን ደንብና በአናጢው ዓይን ነበር። ዋናው ባለሙያ ሄንሪክ ሂበርትሶን ሳያስጨርሳት በ1627 ሞተ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 10 ቀን 1628 ከስቶክሆልም ተነስታ 1,300 ሜትር ያህል እንደሄደች ነፋስ አጋደላት፤ ከላይ ከብዳ ነበርና መቃናት አቃታት። ክፍት በነበሩት የታችኛው ረድፍ የመድፍ መስኮቶች ውሃ ገባና ከነ64 መድፎቿ ሰጠመች። በ1961 ስትወጣ አካሏ አብዛኛው ደህና ነበር፤ እንጨት የሚበላው የባሕር ትል ጨው ባነሰው የባልቲክ ውሃ አይኖርም።

የዛሬው ሞዴል ሠሪ የሚከተለው ሥዕል እንግዲህ የተገኘው ከወጣችው መርከብ ልኬት ነው። ልኬቱም ጉድ አወጣ፦ ግራና ቀኟ እኩል አይደለም፤ የግራው ጎን እንጨት ይበዛበታል። ውስጧ ከተገኙት የአናጢ መለኪያዎች ገሚሶቹ በ12 ኢንች የተከፈለውን የስዊድን ጫማ፣ ገሚሶቹ በ11 ኢንች የተከፈለውን የአምስተርዳም ጫማ የያዙ ናቸው። ባለሙያዎቹ ከአንድ አገር ስላልነበሩ እያንዳንዱ በለመደው ሳይለካ አልቀረም። በክንድ ጨርቅ ሲሸጥ ያየ ሰው አይገርመውም፤ የማን ክንድ እንደሆነ ካልተስማሙ ዋጋው ይዛባል።

ታዲያ አንዱን ጎን ሠርቶ ሌላውን በመስተዋት እንደሚታይ መገልበጥ ወይስ እንዳለች ከነጉድለቷ መቅረጽ? መገልበጡ ሥራውን ያቀላል፤ የምትወጣውም መርከብ ታምራለች። ለእኔ ግን ያቺ ቫሳ አይደለችም። ቀለሟም እንዲሁ አከራክሯል። ለረጅም ጊዜ ሰማያዊ ነበረች ተብሎ ይታመን ነበርና የድሮ ሞዴሎች ሰማያዊ ናቸው፤ በ1990ዎቹ የቀለም ቅሪት ሲመረመር ቀይ ሆኖ ተገኘ። ስንቱ የደከመበት ሰማያዊ ሥራ መደርደሪያ ላይ ቀረ።

ሸራውን ብዙዎች ይተዉታል፤ የጨርቅ ድርና ማግ እንደ እንጨቱ ቀዳዳ አልቀንስ ይላል። የሚሞክሩት ጠንቃቆች ግን በሰጠመችበት ቀን ተዘርግተው የነበሩትን አራቱን ብቻ ይሰቅላሉ። የቀሩት ስድስቱ ከመርከቧ መጋዘን የተገኙት ሳይዘረጉ፣ እንደታጠፉ ነው።