ለመድኃኒት እምቢ ያለ የሚጥል በሽታና የአንጎል ምስል



በጋምቤላ ወባ ጭንቅላቱ ላይ ወጥቶበት፣ ራሱን ስቶ፣ በአላህ ፈቃድ የተረፈ ልጅ ያለው ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። ልጁ ቆይቶ መውደቅና መንፈራገጥ ሲጀምር ግን «ጂን ነው» ይባላል እንጂ ወባውን የሚያስታውስ የለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣ የማላዊ ጥናት፣ እንዲህ ካለው ወባ ከተረፉ 132 ሕፃናት 12ቱን በኋላ የሚጥል በሽታ ይዟቸዋል። ለማነጻጸሪያ ከተያዙት 264 ሕፃናት አንድም አልተያዘም። ወባው በአንጎል ላይ ጠባሳ ሊተው ይችላልና።

ከሦስት ታማሚዎች ሁለቱ ገደማ በመድኃኒት ይሻላቸዋል። በትክክል የተመረጡ ሁለት መድኃኒቶች በበቂ መጠን ተወስደው በሽታው ካልቆመ ነው «መድኃኒት እምቢ አለ» የሚባለው። ፊኖባርቢታሉ አልቆ ሳምንት የተቋረጠበት፣ ወይም በረመዳን እጾማለሁ ብሎ የቀን መድኃኒቱን የዘለለ ልጅ ከዚህ አይቆጠርም። ሩቅያ የምታስቀሩም ብትሆኑ ኪኒኑን አታስቀሩ።

በዚህ ጊዜ ሐኪሙ ኤም አር አይ ሊያዝ ይችላል። በማግኔት የሚሠራ ስለሆነ ጨረር የለውም፤ ሲቲ ስካን የሚያልፈውን ትንሽ ጠባሳ ያሳያል። ትንንሽ ልጆች ሳይንቀሳቀሱ መተኛት ስለማይችሉ ማደንዘዣ ሊሰጣቸው ይችላል። አዲስ አበባ ድረስ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ለሚጓዝ ቤተሰብ፣ «ውጤቱ ሕክምናውን ይለውጠዋል ወይ?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ነውር የለውም።

ጠባሳው አንድ ቦታ ላይ ከተገኘና በሽታውም ከዚያው እንደሚነሳ በአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራ ከተረጋገጠ፣ ቀዶ ሕክምና ትልቅ ተስፋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱ በወጣ የኒው ዴልሂ ጥናት፣ ቀዶ ሕክምና ከተመደበላቸው 57 ልጆች 77 በመቶው በዓመቱ በሽታው አቁሞላቸው ነበር፤ በመድኃኒት ብቻ ከቀጠሉት 59 ልጆች ግን 7 በመቶው ብቻ። ዋጋም አለው፦ ከተቀደዱት አንድ ሦስተኛው ያህል ከባድ ጉዳት ገጥሟቸዋል፤ የእጅ ወይም የእግር መዛል የደረሰባቸው አሉ። ወባ ብዙ ቦታ ላይ ጠባሳ ትቶ ከሆነ ደግሞ ቀዶ ሕክምናው ብዙውን ጊዜ አይሆንም። «ምስሉ ንጹሕ ነው» ማለትም ልጁ አልታመመም ማለት አይደለም።

የሚጥላት አንዲት ሴት ዱዓ ፍለጋ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንደመጣችና ብትታገሥ ጀነት እንደተነገራት ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ስለዚህ ልጁን ከመድረሳና ከትምህርት ቤት አታስቀሩት። ባሮ ወንዝ ግን ብቻውን አይግባ፤ እሳት ዳርም አይተው። ሲጥለው በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሆስፒታል ይዛችሁት ሂዱ።